ጋሼ ሱቃቸውን ሳይታችን ላይ ሲከፍቱ

ከሚስማር ልጀምር። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ሰሚት አካባቢ የምንሠራው ጂ+7 ሕንፃ ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ የሳይቱ የግዥና የንብረት ኃላፊ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፎርማኑ መጣና «እህቴ፣ ባለ 8 ሚስማር አልቋል» አለኝ። ስቶር ገብቼ ሳይ ያለው ባለ 10 ብቻ ነው። ሾፌሩን ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ላክሁት። መንገዱ ተጨናነቀ። የምናውቀው ሱቅ ጨርሷል። መርካቶ ዞሮ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ደውሎልኝ፣ እኔም አስፈቅጄ፣ ገዝቶ ሲመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። አሥራ አራት አናጺና ረዳት ፎርምወርኩ (የአርማታው ቅርጽ ማውጫ) ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። የቀን ሒሳባቸው ግን አልቀረም።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ነዳጁ፣ የሾፌሩ ውሎ፣ የአሥራ አራቱ ሰው አበል ሲደመር ሚስማሩ የወርቅ ዋጋ አወጣ። ከዚያ የመኪናውን መዝገብ ገልብጬ በዚያ ወር እንዲህ ዓይነት ጉዞ ስንት ጊዜ እንደሄድን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ። የግራይንደር ዲስክ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ ጓንት፣ የመብራት ሶኬት፣ የአካፋ እጀታ። ለሲሚንቶና ለፌሮ ብረት ሁሉም ሰው አስቀድሞ ይጨነቃል። ሥራ የሚያስቆመው ግን ማንም ያልተጨነቀለት እቃ ነው።

ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ጋር ብዙ ዓመት ተገበያይተናል። ስማቸውን ልተወው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቢሮዬ መጥተው ሻይ እየጠጣን ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ አንቺ ወደ እኔ ከምትመላለሺ እኔ ወደ አንቺ ልምጣ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጥር ላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በክሬን ግቢያችን ውስጥ ወረደ።

ስምምነቱ ይህን ይመስላል። ኮንቴይነሩ የእሳቸው ነው፣ ቦታው የእኛ። እቃውን ያስገባሉ፣ አንድ ሠራተኛቸውን ያስቀምጣሉ፤ እኛ «የጋሼ ልጅ» ነው የምንለው። ገንዘብ የምንከፍለው ከኮንቴይነሩ ለወጣ እቃ ብቻ ነው። በየ15 ቀኑ ይታሰባል። ያልወጣው እዚያው ቢከርምም ንብረቱ የእሳቸው ነው። መሣሪያም ያስገባሉ፤ ቫይብሬተር (አርማታ መነቅነቂያ)፣ ግራይንደር፣ ሂልቲ (መብሻ)፣ ፑንቴሎ (አርማታው እስኪጠነክር ከስር የሚደግፍ የብረት ምሰሶ)። እሱ በኪራይ ነው። በአገልግሎቱ ምክንያት ዋጋቸው ከመርካቶ የዕለቱ ዋጋ አራት በመቶ ከፍ ይላል። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። የአሥራ ዘጠኙን ጉዞ ወረቀት አሳየሁትና ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። ይህ እቃ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የማን ነው? እኔ ጥያቄው ከባድ መሆኑ የገባኝ በመጀመሪያው ወር ነው። የኛ ስቶር ስለሞላ የራሳችንን ማሰሪያ ሽቦ «ለጊዜው» ብለን ኮንቴይነሩ ውስጥ አስቀመጥን። ሁለት ሳምንት አለፈ። ለመጀመሪያው ክፍያ ስንቆጥር 31 ጥቅል አገኘን። የኛ ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ እቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) 12ቱ የእኛ ናቸው ይላል። የጋሼ ልጅ ደብተር ደግሞ 24ቱ የእሳቸው ናቸው ይላል። ድምሩ 36። አምስቱ የት ገቡ? የማን ናቸው የጠፉት? ልጁ ማለ፣ የኛም ስቶር ኪፐር ማለ። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ፤ አምስቱ ጥቅል ግን የለም። ኪሳራውን ተካፈልነው። በማግስቱ ኮንቴይነሩ በር ላይ በቀለም ጻፍን፦ «የኛ እቃ እዚህ አይገባም»። ለአንድ ምሽት እንኳን አይገባም። ዝናብ ቢመጣ በሸራ እንሸፍነዋለን እንጂ አናስገባውም።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሰለችበት ቦታ ስለሆነ። የግል ድርጅት ብንሆንም የምንጠቀመው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የንብረት ቅጾች የሞዴል ቁጥር ነው፣ ሁሉም ሠራተኛ ስለሚያውቀው። ፎርማኑ በሞዴል 20 ይጠይቃል። ሳይት መሐንዲሱ ይፈርማል። የጋሼ ልጅ ያንን ሳያይ አንድ ሚስማር አይሰጥም። ሲሰጥ እኔ በሞዴል 19 ገቢ አደርጋለሁ። እቃው የእኛ የሚሆነው እዚያች ፊርማ ላይ ነው። ወዲያው በሞዴል 22 ለሠራተኛው ወጪ ይሆናል። ከእሳቸው ወጥቶ፣ በኛ በኩል አልፎ፣ ሥራ ላይ እስኪደርስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሦስት ሰው አይቶታል።

ፎርማኖቹ መጀመሪያ አመጹ። «ለአንድ ዲስክ ሦስት ፊርማ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። መሐንዲሱ ስብሰባ ላይ ሲሆን ሥራ ይቆማል፤ ያኔ ደግሞ የሸሸነው ችግር በሌላ በር ገባ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የድንገተኛ ደብተር ፈቀድን። ፎርማኑ በራሱ ፊርማ ይወስዳል፤ ግን በዚያው ቀን እስከ 11 ሰዓት ሞዴል 20 ካልመጣ ዋጋው በፎርማኑ ስም ይያዛል። ሁለት ጊዜ ተያዘባቸው። ሦስተኛ አልነበረም።

አንድ ነገር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ልጅ ደመወዙን የሚከፍለው ነጋዴ ነው። ነጋዴ ደግሞ እቃ ሲወጣ ደስ ይለዋል። ልጁ ጨዋ ነው፣ በሥራው የምወቅሰው የለም። ሲስተሙ ግን በጨዋነት ላይ መቆም የለበትም። እኛ ያደረግነው አሮጌ አምጥተህ አዲስ ውሰድ ነው። ያለቀ ዲስክ ካላመጣህ አዲስ ዲስክ የለም። የተቀደደ ጓንት ካላሳየህ ጓንት የለም። ያለቀው ዲስክ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀምና በየ15 ቀኑ ከሞዴል 22 ጋር ይቆጠራል። ይህ ከጀመረ በኋላ የዲስክ ፍጆታችን በዓይን በሚታይ ሁኔታ ወረደ። ቀድሞ ግማሹ የት ይሄድ እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ ምሳ አይደለም።

ለእያንዳንዱ እቃ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን አውጥተናል። ያወጣነው ከሦስት ወር ቢን ካርድ ነው። ሐሙስ ማታ ልጁና ስቶር ኪፐራችን አብረው ይቆጥራሉ። ከሳምንት ፍጆታ በታች የሆነው ይታዘዛል። እቃው የሚመጣው በአይሱዙ ማታ ነው። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንደልቡ አይንቀሳቀስም፤ የኮንስትራክሽን ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ድሮ የማታ ርክክብ ራስ ምታቴ ነበር። በሞባይል መብራት እየቆጠርክ፣ ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ፣ ጠዋት ሁለት ካርቶን ይጎድላል። አሁን ማታ የሚገባው እቃ የጋሼ እቃ ነው። ልጃቸው ይቆጥር። ጠዋት ጎደለ ካሉም ከሾፌራቸው ጋር ይነጋገሩ። እኔ የምቆጥረው በቀን ብርሃን ስረከብ ነው። ከስምምነቱ ሁሉ ያተረፈልኝን አንድ ነገር ጥራ ብትሉኝ እንቅልፌን እላለሁ።

ጫኝና አውራጅን ግን ረስተነው ነበር። የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች ማውረጃ ጠየቁ። ሾፌሩ «ሳይቱ ይክፈል» አለ። ጥበቃው «እቃው የኛ አይደለም» አለ። ነገሩ ልክ ነው፣ እቃው የኛ አይደለም። መኪናው ግን የቆመው የኛ በር ላይ ነው፤ ጭቅጭቁም እስከ እኩለ ሌሊት ቀጠለ። አሁን በስምምነቱ ላይ አንድ መስመር አለ፦ እስከ ኮንቴይነሩ በር ያለው ማውረጃ የአቅራቢው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የኛ። ይህን ቀድማችሁ ጻፉ።

ፌሮ ሌላ ጉዳይ ነው። አሥራ ሁለት ሜትር ብረት ኮንቴይነር ውስጥ አይገባም። ውጪ፣ እንጨት ላይ ተደርድሮ፣ የጋሼ ክምር ለብቻ፣ የኛ ለብቻ ሆነ። በቤርጋ፣ ማለትም ዘንጉን ቆጥሮ፣ መግዛት ለለመደ ሰው ሚዛን ምን እንደሚያሳይ ልንገራችሁ። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ውሰዱ። በራሱ አባዙት። ለ162 አካፍሉት። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣችኋል። ባለ 12 ከሆነ 144 ለ162፣ ማለትም 0.89 ኪሎ ገደማ። አንዱ ቤርጋ ወደ 10.7 ኪሎ መመዘን አለበት። ባለ 16 ደግሞ ወደ 19 ኪሎ።

ግንቦት ላይ የመጣው ባለ 12 ፌሮ በእጄ ስይዘው ቀለለኝ። አሥር ቤርጋ ከተለያየ እስር አውጥተን መዘንን። 106 ኪሎ ከምናምን መሆን ሲገባው 98 ሆነ። ትንሽ ልዩነት ከፋብሪካም ይኖራል፤ ስምንት በመቶ ግን ትንሽ አይደለም። ኮለን (የሕንፃውን ምሰሶ) የሚያቆም ብረት ነው። ጋሼን ጠራኋቸው። ራሳቸው ሚዛኑ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ፤ እሳቸውም ከሌላ ሰው ነው የገዙት። «አንቺ አልገዛሽውም ልጄ፣ የእኔ ነው» አሉና በዚያው ሌሊት አስጭነው ወሰዱት። ሞዴል 19 ፈርሜበት ቢሆን ኖሮ ምን ሊከተል እንደሚችል አስቡት። ደረሰኝ፣ ክርክር፣ «ስትረከቢ አላየሽም?» መባል። የዚያን ቀን ግን ምንም ጭቅጭቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር ተሻገረ። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ተመኑ በተለወጠ ማግስት፣ ማክሰኞ ማታ፣ ጋሼ ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «ያለውን እቃ ነገ በአዲስ ዋጋ ነው የምናስበው» አሉኝ።

እኔም ደነገጥኩ። የኛ ውል ከሕንፃው ባለቤት ጋር ዋጋ የማይጨምር ውል ነው። ግቢያችን ውስጥ የጋሼ ባለ 16 ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ዲስክ፣ የብየዳ ዘንግ ሞልቷል። ስምምነታችንን አውጥቼ አነበብኩት። «ዋጋው የመርካቶ የዕለቱ ዋጋ ሲደመር አራት በመቶ ነው» ይላል። የየትኛው ዕለት? ሳይት የገባበት ዕለት ወይስ ከኮንቴይነር የወጣበት? አልተጻፈም። ስንፈርም ሁላችንም ግልጽ መስሎን ነበር። ለእኔ የገባበት፣ ለእሳቸው የወጣበት።

ረቡዕ ጠዋት መጡ። እኔ «እቃው በድሮው ዋጋ ነው የተገዛው» አልኩ። እሳቸው «ተተኪውን በምን ልግዛ?» አሉ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ያ ነው ያስቸገረው። ፌሮውን በድሮ ዋጋ ቢሰጡኝ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ክምር መተካት አይችሉም። በአዲስ ዋጋ ብወስድ ደግሞ የአራተኛው ፎቅ ሒሳብ ይፈርሳል። ከሁለት ሰዓት በላይ ተነጋገርን። በመጨረሻ አብረን ቆጠርን፣ ከእያንዳንዱ እቃ ግማሹን በድሮ ዋጋ፣ ግማሹን በአዲስ አደረግነው። እሳቸውም ከሰሩ፣ እኛም ከሰርን። ግንኙነቱ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው አንቀጽ ይህ ነው፤ ለፈለገ ይውሰደው። እያንዳንዱ እቃ ሲገባ ቀንና ዋጋ ይለጠፍበታል። ያ ዋጋ ለ21 ቀን ይጸናል። በ21 ቀን ውስጥ ካልወጣ አቅራቢው ዋጋውን ማደስ ወይም እቃውን ማውጣት ይችላል፤ ግን ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። በሦስቱ ቀን እኛ በድሮው ዋጋ መግዛት እንችላለን። ይህ ሁለታችንንም ሥርዓት አስያዘ። እሳቸው የማይወጣ እቃ አያከማቹም፤ እኔም «እዚያ ይቀመጥ፣ ገንዘብ አይበላ» ብዬ ያለ ዕቅዴ አላስመጣም።

ሲሚንቶን ግን ከዚህ ሁሉ አውጥተነዋል። ሞክረነው ነበር። ሰኔ ላይ ኮንቴይነሩ ውስጥ ውሃ ገባና የታችኛው ረድፍ ከረጢት ደነደነ። የማን ኪሳራ ነው? እቃው የእሳቸው፣ ጎርፉን ያመጣው ያልተሠራው የኛ ቦይ። ሲሚንቶ በባሕርይው መቆየት አይወድም። ከመሬት በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከአሥር ከረጢት በላይ ሳይደራረብ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ መውጣት አለበት። ሦስት ወር ካለፈው እኔ ለአርማታ አልሰጠውም። እንዲህ ያለ እቃ ባለቤቱ አንድ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ስለዚህ ለአንድ ሙሌት የሚበቃውን ብቻ በራሳችን እንገዛለን። አሸዋና ጠጠርም በቢያጆ (በመኪና ጭነት) ለብቻው ነው የሚገዛው። የሒሳብ ባለሙያችንም አንድ ነገር ላይ አልበገር አለች፦ ማንኛውም እቃ ያለ ማስተላለፊያ ሰነድ ከሱቅ ወደ ሳይት አይነሳም፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት ደረሰኝም በየክፍያው ይቆረጣል። መጀመሪያ ላይ አጉረመረምን። አሁን አመሰግናታለሁ።

መሣሪያው ላይ ያተረፍነው በአንድ ቀን ታየ። አራተኛውን ፎቅ ሶሌታ (የወለሉን አርማታ) ስንሞላ አንዱ ቫይብሬተር ቆመ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ሁለተኛው ማቃጠል ጀመረ። አርማታ ሲሞላ ደግሞ ቆይ አይባልም፤ የፈሰሰው ከጠነከረ አዲሱ ከእሱ ጋር በደንብ አይያያዝም። የጋሼ ልጅ ኮንቴይነሩን ከፍቶ ሦስተኛውን አወጣ። መጠባበቂያ እንዲኖር ስምምነቱ ያስገድዳቸዋል። የተበላሹትን በዚያው ማታ ወስደው አሠሩ፣ ወጪውም የእነሱ። የራሳችን ቢሆን አንዱ እስኪሠራ ሌላውን እያስታመምን እንቀጥል ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ «በአግባብ ያለመያዝ ብልሽት» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ጻፉ። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ግራይንደር ላይ ማንም አይከራከርም። ካርቦኑ (የሞተሩ ብሩሽ) አልቆ የተቃጠለ ሞተር ላይ ግን ሁሉም ይከራከራል።

ትንሽ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን አንብቦ «ለእኔ አይሆንም» እንዳይል። የአጎቴ ልጅ አያት ሰፈር ጂ+1 ሲሠራ ኮንቴይነር አላስፈለገውም። ከሰፈሩ ሱቅ ጋር ተስማምቶ ቁልፍ ያለው አንድ የብረት ሳጥን አስቀመጠ። ሚስማር፣ ሽቦ፣ ዲስክ፣ ማጣበቂያ ውስጡ አለ። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ደብተር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ። ከሁሉ በፊት ባለሱቁ ያስገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ፊት ለፊት መጻፉን አረጋገጠ።

ፑንቴሎ ልጨምርና ላብቃ። የጋሼ 220 ፑንቴሎ ነበር፣ የኛ ደግሞ 90። ሁለቱ አንድ ላይ ሶሌታ ስር ሲቆሙ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም፤ ኪራዩ ግን በቁጥር በየቀኑ ይሄዳል። ስለዚህ የእሳቸውን ጫፍ ቀይ፣ የኛን ሰማያዊ ቀባን። ሥራው አልቆ መጋቢት 2017 ላይ ኮንቴይነሩ ሊነሳ ሲል የመጨረሻ ቆጠራ አደረግን። ሁሉ ነገር ልክ መጣ። ፑንቴሎ ግን 217። ሦስት ጎደለ። ስቶሩን ፈተሽን፣ ፍርስራሹን ገለበጥን፣ ምድር ቤት በባትሪ ገባን። የለም። ልሂድና የሦስቱን ዋጋ ልክፈል ብዬ ወደ በሩ ስሄድ ጥበቃው ከቆርቆሮ ጎጆው ወጥቶ ሰላም አለኝ። ቀና ስል የጎጆውን ጣሪያ ሦስት ብረት ደግፎታል። ጫፋቸው ቀይ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ በየቀኑ በአጠገባቸው ሳልፍ ነበር።